የመስታወት ገንዳችን ለምን አረንጓዴ ለበሰ?

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የተሰማ)



ለዛሬው ምሽት የተሰጠን ርእስ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ዓሣና ዕፀዋት በሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ልባስ፥ መድኃኒት ሳንጨምር፥ በተፈጥሮ ጠራጊዎች እንዴት እናጽዳው? የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ «በአገራችን ስንት የሚያሳስብ ነገር እያለ ስለ አንድ ገንዳ መሰብሰብ ምን ይሉታል?» ትሉ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ገንዳው የሚይዘው ውኃ ጥቂት ቢሆንም፥ በውስጡ የሚሠራው ሕግ በወንጪ፥ በቆቃና በጣና ከሚሠራው ሕግ አይለይም። በትንሹ ያልተማርነውን በትልቁ ስንማረው ዋጋው ከባድ ይሆናል።

ደግሞም ከፊታችን የሚወሰን ጉዳይ አለ። ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ፥ አልጌ የሚበሉ የውጭ አገር ዓሦች ከአዲስ አበባ ተገዝተው እንዲመጡ፥ ሲበዙም ትርፎቹ ወደ ሁሉቃ ወንዝ ወይም ወደ ወንጪ ሐይቅ እንዲለቀቁ ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ በቅን ልቡና የቀረበ ነው፤ እኛ ግን አንደግፈውም። የማንደግፍበትን ምክንያት በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

በመጀመሪያ፥ አልጌ ምንድር ነው?

አልጌ ሥር፥ ግንድና አበባ የሌለው፥ ነገር ግን እንደ ዕፀዋት ሁሉ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ ፍጥረት ነው። በወንዝ ድንጋይ ላይ ስንረግጠው የሚያንሸራትተን እርሱ ነው። በገንዳችን ውስጥ በልዩ ልዩ መልክ ይታያል። አንዱ ውኃውን በሙሉ የጐመን ቅቅል የሚያስመስለው ነው። ሁለተኛው እንደ ፀጉር እየረዘመ በቅጠሎች ላይ የሚጠመጠመው ነው። ሦስተኛው አዲስ በተሞላ ገንዳ መስታወት ላይ እንደ ቡናማ አቧራ የሚያርፈው ነው። አራተኛው ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባለው፥ እንደ ሉህ እየተነጠፈ መጥፎ ሽታ የሚሰጠው ሲሆን፥ ሊቃውንት ይህንን በትክክል ከባክቴሪያ ወገን ይቈጥሩታል።

አልጌን እንደ ጠላት ብቻ መቍጠር ግን ስሕተት ነው። የውኃ ውስጥ ሕይወት የመጀመሪያው እንጀራ እርሱ ነውና። በቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ስፒሩሊና በሚባለው አልጌ ቀለም ነው፤ እንዲህ ባሉ የሶዳ ሐይቆች ትንሹ ፍላሚንጎ የሚኖረው ይህንኑ ከውኃው እያጠለለ በመመገብ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን «አልጌን እንዴት እናጥፋ?» ሊሆን አይገባም። «ከልኩ ያሳለፈው ምንድር ነው?» ማለት ይሻላል።

በሁለተኛ ደረጃ፥ ምክንያቱን እንመርምር።

አባቶቻችን «ውኃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ» ይላሉ። የአልጌ ሥሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ብርሃን፥ ሁለተኛው ምግብ።

ስለ ብርሃን ስንናገር፥ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ቀኑ በክረምትም ሆነ በበጋ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ ገንዳ፥ በተለይ ሰማዩ በሚጠራበት በበጋ ወራት፥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል። በገንዳ ውስጥ ለሚተከሉት ዕፀዋት በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብርሃን ይበቃቸዋል። የቀረውን የሚጠቀምበት አልጌው ነው።

ምግብ የምንለው ደግሞ በተለይ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። እነዚህ ከየት ይመጣሉ? ከእጃችን ነው። በቀን ሦስትና አራት ጊዜ፥ ባለፈ ባገደመ ሰው ሁሉ፥ ለዓሦቹ የሚበተነው የዳቦ ፍርፋሪ ከፊሉ ሳይበላ ወደ ታች ይሰጥማል፤ የተበላውም በዓሦቹ ኩስ ተመልሶ ይወጣል። ሁለቱም በስብሰው ለአልጌው ማዳበሪያ ይሆናሉ። ገበሬ ማሳውን በፍግ እንደሚያዳብር እኛም ሳናስበው ገንዳውን እናዳብራለን።

በከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። በባሕር ጠረፍ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአምቦ፥ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል፥ የሚይዘው 7 ሚሊግራም ያህል ነው። አልጌ በቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ በሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳልና ያንኑ ይሻማል። ስለዚህ በመጽሐፍ ላይ ለባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈውን የዓሣ ቍጥር እንዳለ ወስደን በአምቦ ገንዳ ውስጥ ማጨቅ ዓሦቹን ሊነጋ ሲል ለመታፈን ማጋለጥ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፥ ጠራጊዎቹን አንድ በአንድ እንመዝን።

ከሁሉ በፊት አንድ ሕግ እናስቀምጥ። አልጌውን የሚበላ እንስሳ ምግቡን ከገንዳው አያወጣውም፤ መልኩን ይለውጠዋል እንጂ። ከበላው ውስጥ ጥቂቱን ሥጋ ያደርገዋል፥ የቀረውን በኩስ መልክ ይመልሰዋል፥ ያም ዞሮ አልጌ ይሆናል። እውነተኛ ጠራጊ የሚባለው ትርፉን ምግብ ከውኃው የሚያስወጣው ነው። በዚህ ሚዛን ስንመዝናቸው፦

ሀ) ዕፀዋት። ቶሎ የሚያድግ የውኃ ተክል የአልጌውን ምግብ ቀድሞ ይሻማል፤ ስናጭደውና ከገንዳው ስናወጣውም ምግቡ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ አንደኛውን ማዕረግ የምንሰጠው ለእርሱ ነው። ሴራቶፊለም የሚባለው ሥር የሌለው፥ የድመት ጅራት የሚመስል የውኃ ውስጥ ተክል በገዛ ሐይቆቻችን ይበቅላል፤ አፈርም አይሻም። በየሳምንቱ ከእርሱ አንድ እፍኝ ቈርጦ በጓሮ አትክልት ሥር መጣል ከአሥር አልጌ በል ዓሣ የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ለ) የውኃ ቍንጫ። ዳፍንያ የሚባለው፥ በዓይን የሚታየው ግን እንደ ነጥብ ብቻ የሆነ ፍጥረት፥ አረንጓዴ የሆነውን ውኃ እያጠለለ ያጠራዋል። ችግሩ ዓሦቹ ሥራውን ሳይጨርስ ለቅመው የሚበሉት መሆናቸው ነው። ስለዚህ በወንፊት መረብ ተለይቶ ወይም ዓሣ በሌለበት ዕቃ ውስጥ ሊሠራ ይገባዋል።

ሐ) ቀንድ አውጣ። መስታወትን በመፋቅ የታወቀ ነው። ነገር ግን በዚህ ላይ አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት ትሎች የሚያድጉት በአንዳንድ የወንዝና የሐይቅ ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥተው በውኃ ውስጥ እየዋኙ በቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባሉ። ከወንዝ ዳር በቆርቆሮ የተሰበሰበ ቀንድ አውጣ በገንዳ ውስጥ ጨምሮ እጅን ነክሮ ማጽዳት በሽታውን ቤት ድረስ መጥራት ሊሆን ይችላል። የትኛው ወገን እንደ ሆነ በሚያውቅ ሰው ያልታየ ቀንድ አውጣ ከገንዳችን አይግባ።

መ) ሽሪምፕ። ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ በገንዳ አትክልት ሥራው ያስተዋወቀው ትንሽ ሽሪምፕ ፀጉር መሰሉን አልጌ ሲለቅም ይውላል፤ ጫጩቶቹ ለማደግ ጨው ያለበት ውኃ ስለሚሹም በገንዳ ውስጥ አይበዛም። መልካም ሠራተኛ ነው፤ ነገር ግን ከሩቅ የሚመጣ ነው፥ ከላይ የተናገርነው የኩስ ሕግም ይመለከተዋል።

ሠ) ዓሦች። በደጋው ወንዞቻችን፥ በአባይና በአዋሽ ተፋሰስ፥ ጋራ የሚባሉ የዓሣ ወገኖች ይኖራሉ። ስማቸው ከተራራው ስም ጋር ቢመሳሰልም አንድ ጣት የሚያህሉ ትንንሾች ናቸው፤ በአገጫቸው ሥር ባለ መጥባሻ ከድንጋይ ላይ ተጣብቀው አልጌውን ይፍቃሉ። የለመዱት ግን ቀዝቃዛና የሚፈስ ውኃ ስለ ሆነ በረጋና በሞቀ ገንዳ ይቸገራሉ። በጣናና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ያለው ቆሮሶ ደግሞ ሌሎች ብዙ ዓሦች የማይፈጩትን ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ እንኳ ይፈጫል። በዩጋንዳ በጆርጅ ሐይቅ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው የሆዱ አሲድ ከመጠን በላይ ኃይለኛ ነው። ሆኖም ቆሮሶ ያድጋል፥ ይቈፍራል፥ የተከልነውንም ይነቅላል። ለኩሬ እንጂ ለመስታወት ገንዳ አልተፈጠረም። ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣው፥ በየሱቁ «መስታወት ጠራጊ» ተብሎ የሚሸጠው ባለ ጥሩር ዓሣ ሲገዛ ጣት ያህላል፤ ሲያድግ ግን ክንድ ያህላል። እርሱን የገዛ ሰው ኋላ የሚያደርስበት ሲያጣ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች ይህ ዓሣ ወንዞችን የወረረው በዚሁ መንገድ ነው።

ረ) የአገር ቤት ዘዴዎች። «ተፈጥሮ ከሆነ አይጐዳም» የሚል አሳብ በመካከላችን ስለሚሰማ እነዚህንም እንመልከት። የገብስ ጭድ በእንግሊዝ አገር በኩሬዎች ላይ ተሞክሯል፤ አየር በሚያገኝ ውኃ ውስጥ ቀስ በቀስ ሲበሰብስ አዲስ አልጌ እንዳይበቅል የሚገታ ነገር ይለቃል ተብሏል። ያለውን አልጌ ግን አይገድልም፤ ሥራውም ሳምንታት ይፈጃል፤ ውጤቱም በየቦታው አንድ አይደለም። በገብስ አገር ለምንኖር ለእኛ በትልቅ ኩሬ ላይ መሞከሩ ደስ ያሰኛል፤ በትንሽ ገንዳ ውስጥ ግን የሚበሰብስ ጭድ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። የሽፈራው ፍሬ ዱቄት ደግሞ በውኃ ላይ የተንሳፈፈውን ሁሉ አጣብቆ ወደ ታች ያወርዳል። ውኃው ይጠራል፤ ምግቡ ግን በገንዳው ወለል ላይ ቍጭ ብሏል። በቱቦ ካልተሳበ ድካሙ ከንቱ ነው።

እንዶድን በተመለከተ፥ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፥ እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ እንደሚገድል ለዓለም አስታውቀዋል። ይህ የአገራችን የምርምር ኵራት ነው። ይኸው ኃይል ግን ዓሣንም ይገድላል። ዓሣ አጥማጆች የብርብራን ፍሬ ወቅጠው በወንዝ ውስጥ ሲበትኑት ዓሣው ደንዝዞ እንደሚንሳፈፍም የታወቀ ነው። እንግዲህ ተፈጥሮ መሆኑ ብቻ ዋስ አይሆንም።

የአምቦ ውኃ ነገርም ሳይነሣ አይቀርም። «ተክል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሻል፥ አምቦ ውኃ ውስጥ ያለው አረፋም እርሱው ነው፥ ታዲያ አንድ ጠርሙስ ብንጨምርለትስ?» የሚል ቀልድ የሚመስል ጥያቄ ሰምተናል። በውጭ አገር ገንዳ አትክልተኞች ይህን ጋዝ በጥቂት በጥቂቱ ለተክሎቻቸው እንደሚሰጡ እርግጥ ነው። ግን ጠርሙሱ በአንድ ጊዜ ሲፈስ ዓሦቹ ይታፈናሉ፤ ማዕድኑም የውኃውን ጠባይ ይለውጠዋል። አምቦ ውኃን ለሚጠጣው ሰው እንተውለት።

በአራተኛ ደረጃ፥ ከገንዳው ውጭ እንውጣ።

እስቲ የአገራችንን ካርታ በዓይነ ኅሊናችን እንዘርጋ። የምንኖርበት ምዕራብ ሸዋ የሁለት ታላላቅ ወንዞች የውኃ መከፋፈያ ነው። በግንጪ በኩል ካሉት ተራሮች አዋሽ ይነሣል፤ በበቾ ሜዳ አልፎ፥ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አቃቂን ተቀብሎ ወደ ቆቃ ይወርዳል። በዚህ በኩል ደግሞ አምቦን አቋርጦ የሚያልፈው ሁሉቃ ወደ ጉደር፥ ጉደርም ወደ አባይ ይሄዳል፤ አባይም በ2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ወደ ሕዳሴ ግድብ። ከመስኮታችን የተደፋ አንድ ባልዲ የት ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

በቆቃ ምን ሆነ? የከተማው ፍሳሽ፥ የፋብሪካው ዝቃጭና የማሳው አፈር እየወረደ ሐይቁን ስላዳበረው፥ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ በላዩ ላይ እንደ ቀለም ይነጠፋል። ይህ አልጌ ጉበትን የሚጐዳ መርዝ ያመነጫል።  በገንዳችን መስታወት ላይ ዓይናችንን የሚያስቀይመን ነገር በዚያ የሰውን ጤና የሚነካ ነው። ምክንያቱ ግን አንድ ነው፤ ከልክ ያለፈ ምግብ።

«የተፈጥሮ ጠራጊ» ወደ ማይገባበት ቦታ ሲገባስ? እምቦጭን አስቡ። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አበባው ያማረ ነው፤ ምግብን ከውኃ በመምጠጥም ተወዳዳሪ የለውም። በገንዳ መጻሕፍት ቋንቋ ቢነገር ከጠራጊዎች ሁሉ የተመረጠ በተባለ ነበር። በአገራችን በቆቃና በአዋሽ መታየቱ እ.ኤ.አ. በ1965 ተመዘገበ፤ በጣና ላይ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የጐንደርና የጐጃም ገበሬ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ዓመታት አለፉ። ጣና በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ወገኖች ቤት መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። በቪክቶሪያ ሐይቅም እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የናይል ፐርች ዓሣ ለመልካም ታስቦ ቢለቀቅ፥ በሐይቁ ውስጥ ብቻ የነበሩ ብዙ ትንንሽ ዓሦች ጠፉ፤ ከጠፉትም መካከል አልጌ በሎች ነበሩ። ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ወንጪን ደግሞ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፥ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፥ ዙሪያው በተራራ የታጠረ ሐይቅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን ከመልካም የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። ጐብኚ በበዛ ቍጥር ፍሳሹም ይበዛልና ውኃው የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በዚህ ላይ እኛ ከሱቅ የገዛነውን ዓሣ «ስጦታ» ብለን ብንጨምርበት፥ ነገ ብንጸጸት መልሰን ለመልቀም አንችልም። ከገንዳ ዓሣን በወንፊት ማውጣት ይቻላል፤ ከሐይቅ ግን አይቻልም። ዓሣ ወደ ሐይቅ መልቀቅ አስቀድሞ ጥናት የሚያስፈልገው ሥራ ነው። ለዚህም በሰበታ የሚገኘውን ብሔራዊ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የመሰሉ ባለሙያዎች ሊጠየቁ ይገባል እንጂ በተማሪ ስብሰባ እጅ በማውጣት የሚወሰን አይደለም።

በመጨረሻ፥ ምን እናድርግ?

ተቃውሞ ብቻ ይዘን አልመጣንም፤ የሚከተለውን ሐሳብ ለማኅበሩ እናቀርባለን።

1ኛ/ ገንዳው ከመስኮቱ ተነሥቶ ቀጥተኛ ፀሐይ ወደማይደርስበት ግድግዳ ይዛወር፤ መብራቱም በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አይብራ። ውኃው ሁሉ አረንጓዴ ከሆነ ለ3 ቀን በጨርቅ ተሸፍኖ ይጨልም፤ ወዲያውም ሩቡ ውኃ ይለወጥ።

2ኛ/ ዓሦቹን የሚመግብ አንድ ተረኛ ብቻ ይሁን፤ የሚሰጠውም በ2 ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ያህል ብቻ ይሁን።

3ኛ/ በየሳምንቱ የውኃው ሩብ ያህል በላስቲክ ቱቦ ከወለሉ ላይ ተስቦ ይወገድ፤ መስታወቱም በንጹሕ ጨርቅ ይፈቅ። የተወገደው ውኃ ለጓሮ አትክልት ይጠጣ እንጂ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ አይደፋ። ለአትክልቱም ከዚህ የተሻለ ማዳበሪያ አይገኝለትም።

4ኛ/ ከገንዳው ወለል እኩሌታውን የሚሸፍን ቶሎ የሚያድግ የአገር ተክል ይተከል፤ በየሳምንቱም ይታጨድ።

5ኛ/ ከዚህ በኋላ፥ ይኸውም ከስድስት ሳምንት ሥራ በኋላ፥ የሚቀረው አልጌ ተመዝኖ እንስሳ ጠራጊ ያስፈልግ እንደ ሆነ ይታሰብ። ቢያስፈልግም በቍጥር ጥቂት፥ በመጠን ትንሽ፥ በወገኑ የታወቀ ይሁን።

6ኛ/ ከገንዳው የሚወጣ ማናቸውም ሕይወት ያለው ነገር፥ ዓሣም ሆነ ቀንድ አውጣ ወይም ተክል፥ ወደ ሁሉቃ፥ ወደ ጉደር፥ ወደ ወንጪና ወደ ደንዲ እንዳይጣል ማኅበሩ በውሳኔ ይከልክል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ የሰው ልጅ ባሕርይ ችግሩን የሚበላለት ሌላ ፍጥረት መፈለግ ነው። ዓሣ ይብላልን፥ ቀንድ አውጣ ይፋቅልን፥ ጭድ ያድርግልን እንላለን። ገንዳው የሚያስተምረን ግን ከጠራጊዎች ሁሉ የመጀመሪያው የሚመግበው እጅ መሆኑን ነው፤ እርሱ ሲቈጠብ ውኃው ይጠራል። ነገ ከመካከላችን አንዱ በግንጪ የእርሻ ባለሙያ፥ አንዱ በአዲስ አበባ የፍሳሽ መሐንዲስ፥ አንዱ በወረዳ ጤና ጣቢያ ሐኪም ይሆናል። ያን ጊዜ ቆቃን የሚያጠራው መድኃኒት ከቆቃ ዳር ሳይሆን ከላይ፥ ከማሳውና ከከተማው፥ ከእያንዳንዳችን የሥራ ጠረጴዛ የሚጀምር መሆኑን ይህ ትንሽ ገንዳ ቢያሳስበን የተከፈለበት ዋጋ አይቈጭም።

ከነገ ሰኞ ጀምሮ የመጀመሪያውን ሳምንት ተራ የሚወስዱ ሁለት ሰዎች እንሻለን። ስማችሁን ከስብሰባው በኋላ ለጸሐፊው እንድታስመዘግቡ እንጠይቃለን።